የዘመድን ሕይወት ወደ ኢንዲ ፎክ አልበም፦ ከመጀመሪያው ቃለ ምልልስ እስከ ማስተሪንግ

የአያትን፣ የእናትን ወይም የአጎትን ሕይወት በዘፈን ለመንገር የሚነሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጊታር አንስተው ይጀምራሉ። ቀድሞ መነሳት ያለበት ግን የድምፅ መቅረጫው ነው። ጊታር ይዞ የተጀመረ ሥራ ናፍቆት፣ መንገድ፣ ያለፈ ዘመን እያለ ይሄዳል፤ ያን ደግሞ ስለማንም ሰው ማንም ሊጽፈው ይችላል። የአንድን ሰው አልበም የእሱ የሚያደርገው የራሱ አነጋገር ነው፦ ነገሩን የሚጀምርበት ቃል፣ የሚደጋግመው ሐረግ፣ የማይረሳው ዕቃ። ስለዚህ ከታች ያለው ቅደም ተከተል ከንግግር ተነስቶ ወደ ግጥም፣ ከግጥም ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቀረጻ ይሄዳል። ኢንዲ ፎክ (ከባህላዊ ዘፈን የተነሳ፣ በግል የሚሠራ የጊታር ሙዚቃ) ለዚህ ይመቻል። ጥቂት መሣሪያ ይበቃዋል፣ ቃሉ ከፊት ይሰማል፣ ቤት ውስጥም በደንብ ሊቀረጽ ይችላል።

ከማይኩ በፊት ፈቃድ

ከባለታሪኩ ጋር ሦስት ነገሮችን ለያይታችሁ ተነጋገሩ፦ ታሪካቸው ለዘፈን መነሻ እንዲሆን፣ የራሳቸው ድምፅ በአልበሙ እንዲሰማ፣ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው እንዲወጣ። ለአንዱ እሺ ያለ ሰው ለሌላው እምቢ ሊል ይችላል። የተስማማችሁበትን በአንድ ገጽ፣ በቀላል ቋንቋ ጽፋችሁ አስፈርሙ። አልበሙ ከመውጣቱ በፊት ሰምተው ያልወደዱትን የማስቀረት መብት እንዳላቸውም ይጻፍበት። ይህን መብት የያዘ ሰው በነጻነት ያወራል፤ ያልያዘ ሰው እየመዘነ ነው የሚናገረው።

ባለታሪኩ በሕይወት ከሌሉ ልጆቻቸውን ወይም እህት ወንድሞቻቸውን ጠይቁ፤ አንድ ልጅ ብቻ ፈቅዶ የወጣ አልበም ቤተሰብ ያቃቅራል። የደብዳቤና የፎቶግራፍ ጉዳይ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ደብዳቤው በእጃችሁ መሆኑ ቃሉን የእናንተ አያደርገውም፤ የቅጂ መብቱ የጸሐፊው ወይም የወራሾቹ ነው። የፎቶግራፍም መብት በመደበኛው የአንሺው እንጂ የተነሺው አይደለም። በ1886 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነት፣ የበርን ስምምነት፣ ለጽሑፍ ሥራ የሚሰጠው ዝቅተኛ ጥበቃ ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ነው፤ ብዙ አገሮች ወደ 70 አሳድገውታል። በታሪኩ ውስጥ የሚነሱ ሌሎች ሕያዋን ሰዎች ካሉ ከስማቸው፣ ከሥራቸውና ከቦታቸው ቢያንስ ሁለቱን ቀይሩ።

ቃለ ምልልሱ

ከ3 እስከ 5 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ያዙ። ከዚያ በላይ ሲሆን ሰው ይደክማል፤ የደከመ ሰው ደግሞ መተረክ ትቶ ማጠቃለል ይጀምራል። ለዘፈን የሚሆነው ትረካው ነው።

በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ ባልተጨመቀ የዋቭ ፋይል ቅረጹ። የ1 ሰዓት ሞኖ (ባለ አንድ መስመር) ቀረጻ 520 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ ቦታ ለመቆጠብ ብላችሁ ኤምፒ3 አትጠቀሙ። ይህ ድምፅ በኋላ ዘፈን ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ በመጭመቂያ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። በልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ከሆነ ከአገጭ በታች ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ይሰካ፤ ቁልፍ፣ ነጠላ ወይም የአንገት ጌጥ እንዳይነካው ተመልከቱ። የጠረጴዛ ማይክ ከሆነ ከሥሩ የታጠፈ ጨርቅ አድርጉ፤ አለዚያ ጣት ጠረጴዛውን በነካ ቁጥር ይደበድባል። የንግግሩ ከፍተኛ ጫፍ በመቅረጫው መለኪያ ላይ ከ−12 እስከ −10 ዴሲቤል ይሁን። ሰው ሲስቅ ድምፁ በድንገት ይዘላል፤ ያ ክፍተት ለሳቁ የተተወ ነው።

ማቀዝቀዣውን ንቀሉ። ሲሠራ የሚያሰማው እንጉርጉሮ ከድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ከቀረ በኋላ ለማውጣት ያስቸግራል። መልሳችሁ መሰካት እንዳትረሱ የቤት ቁልፋችሁን ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀምጡ፤ ያለ ቁልፉ ስለማትሄዱ ማቀዝቀዣውም ተነቅሎ አይቀርም። ስልኮችን ወደ አውሮፕላን ሁኔታ ቀይሩ፣ የግድግዳ ሰዓት ካለ ወደ ሌላ ክፍል አውጡ። ሁሉም ሲያልቅ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ጸጥታ ለ1 ደቂቃ ቅረጹ። ንግግር ስትቆርጡና ስትቀጥሉ ክፍተቱን የምትሞሉት በዚህ ነው፤ በፍጹም ጸጥታ ከተሞላ መቆረጡ ያስታውቃል።

ጥያቄያችሁ ወደ ዕቃና ወደ ቦታ ያዘንብል። «ያኔ ምን ተሰማዎት?» ሲባል ሰው «ከባድ ነበር» ብሎ ያቆማል። «የዚያን ቀን ጠዋት በሩ አጠገብ ምን ነበር?» ሲባል ግን ጫማው፣ ዝናቡ፣ በር ላይ የቆመው ሰው ይመጣል፤ ስሜቱም አብሮ ይመጣል። ፎቶግራፍ፣ ያረጀ ልብስ፣ የሥራ መሣሪያ በእጃቸው ስጧቸው። መልሱ ያለቀ ሲመስላችሁ ከ5 እስከ 7 ሰከንድ ዝም በሉ። ከዚያ ዝምታ በኋላ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ የዘፈኑ አዝማች ይሆናል። በመጨረሻም በልጅነታቸው የሚሰሙትን ዜማ እንዲያንጎራጉሩ ጠይቁ፤ ቃሉን ቢረሱትም እንጉርጉሮው ይበቃል።

በዚያው ቀን ሦስት ቅጂ አድርጉ፤ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ከዘፈኖቹ የትኛውም ቢጠፋ እንደገና ይሠራል። ይህ ቀረጻ ግን አይደገምም።

የቆየ ካሴት ከተገኘ

ባለታሪኩ ካረፉ ወይም የድሮ ድምፃቸው ከተገኘ ካሴት ሊሆን ይችላል። ማጫወቻ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት የሚከተለውን ፈጽሙ።

1. በካሴቱ የላይኛው ጠርዝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ። ካልተሰበሩ በስህተት ቀረጻ ቢነካ በላዩ ይቀረጽበታል።
2. የማጫወቻውን ራስ (ክሩን የሚያነበውን ክፍል) እና ጎማውን በአይሶፕሮፒል አልኮል (90 በመቶና ከዚያ በላይ) በነካ ጥጥ ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ።
3. መጀመሪያ ዋጋ የሌለው ካሴት አጫውቱ። መሣሪያው የሚበላ ከሆነ ያንን ይብላ።
4. ባለ 120 ደቂቃ ካሴት ክሩ ስስ ስለሆነ በፍጥነት አታጠንጥኑት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በመደበኛ ፍጥነት አንድ ጊዜ እያጫወታችሁ ገልብጡ።
5. ድምፁ ደፍኖ ከተሰማ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማጫወቻው ራስ ዘንበል ማለት ነው። በማጫወቻው ራስ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን፣ በሞኖ እያዳመጣችሁ፣ «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ብለው እስኪሰሙ በጣም በጥቂቱ አዙሩ።
6. በ96 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት ገልብጡ። ዋናውን ፋይል አትንኩት፤ ማጽዳቱ በቅጂው ላይ ይሁን።

የካሴቱን ሹክታ («ሽ» የሚለውን ድምፅ) በሶፍትዌር ስታጸዱ ከ6 እስከ 8 ዴሲቤል ብቻ ቀንሱ። ከዚያ ካለፈ ድምፁ ውኃ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ይሆናል። ጥቂት ሹክታ ጊታር ሥር ሲገባ ማንንም አያስቸግርም።

ከ40 ታሪክ ወደ አንድ ጥያቄ

የ1 ሰዓት ንግግር በእጅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። ሶፍትዌር ቢያግዝም ቁጭ ብላችሁ ከድምፁ ጋር አመሳክሩ፤ ማሽን ቀድሞ የሚስተው የባለታሪኩን የግል አነጋገር ነውና። ሰዋስዉን አታርሙ። ድግግሞሹ፣ ያላለቀው ዓረፍተ ነገር፣ «እንዲያው ዝም ብሎ» የሚለው ማቀበያ ሁሉ እንዳለ ይቀመጥ፤ ከጎኑም ደቂቃውና ሰከንዱ ይጻፍ። ከዚያ በሦስት ቀለም አስምሩ፦ ለዕቃዎች፣ ለድምፆች፣ እሳቸው ብቻ ለሚሉት አነጋገር።

እያንዳንዱን ክስተት በአንድ ካርድ ላይ ጻፉ። 40 ገደማ ካርድ ይወጣል። አሁን አልበሙ የሚመልሰውን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር አውጡ፦ «ለምን ተመልሳ አልሄደችም?»፣ «ወንድሙን ለምን ይቅር አለው?»። ጥያቄው ከተገኘ በኋላ ለጥያቄው ምንም የማይጨምር ካርድ ሁሉ ይነሳል፤ ሠርጉም ቢሆን፣ ሽልማቱም ቢሆን። ከ9 እስከ 11 ካርድ ሲቀር የአልበሙ አጽም ደርሷል። የሚቆጭ ካርድ ሁሌም ይኖራል፤ ለዚያ ካርድ ስትሉ ጥያቄውን እንዳታሰፉት።

በጣም የተለመደው ስህተት በዘመን ቅደም ተከተል መሄድ ነው። አንደኛው ዘፈን ልደት፣ ሁለተኛው ትምህርት ቤት፣ ሦስተኛው ትዳር ከሆነ አድማጩ አራተኛውን ያውቀዋል። ውሳኔው ከተወሰነበት ቀን ጀምሩ፤ ከዚያ ወደኋላ ሂዱ። ደግሞም ሰው በእርጅናው አብልጦ የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያለውን ዘመን ስለሆነ ከቀረጻችሁ ብዙው ስለዚያ ዘመን ይሆናል። አታመጣጥኑት፤ አልበሙም ወደዚያ ያዘንብል።

የተነገረው ከሰነድ ጋር ሳይገጥም ሲቀርስ? ዘፈኑ የተነገረውን ይከተል፤ ትክክለኛው ቀን በአልበሙ ማብራሪያ ጽሑፍ ውስጥ ይግባ።

ግጥሙ

ከአንድ ቃል በፊት የሚወሰን ነገር አለ፦ ባለታሪኩ በዘፈኑ ውስጥ «አንቺ» ናቸው፣ «እርስዎ» ናቸው፣ «እሷ» ናቸው ወይስ «እሳቸው»? በአማርኛ ይህ ትልቅ ውሳኔ ነው። «እሳቸው» ርቀትና አክብሮት ይሰጣል፤ ነገር ግን ወንድ ይሁኑ ሴት ከግሱ አይታወቅም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዘፈን ውስጥ «አያቴ» ከማለት ሌላ ጾታውን የሚያሳይ ነገር ቀድማችሁ አስቀምጡ፤ «አያቴ» ብቻውን ለወንድም ለሴትም ይሆናልና። አንድ የሚያምር አካሄድ አለ፦ ወጣትነቷን የሚነግሩት ዘፈኖች በ«እሷ»፣ ከእርጅናዋ ጀምሮ ያሉት በ«እሳቸው» ይሁኑ፤ መጨረሻው ላይ ልጅ ልጇ ፊት ለፊት «አንቺ» ይበላት። ዘመኑ መለወጡ ሳይነገር ይታወቃል። ሳይታሰብበት በአንድ ዘፈን ውስጥ ከተቀላቀለ ግን ጆሮ ላይ ስህተት ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቤት አመታት ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግስ ስለሚያልቅ ቤቱ በግስ ሲመታ ያለ ድካም ይመጣል፤ ያለ ድካም የመጣ ቤት ደግሞ ምንም አያሳይም። የልብስ ሰፊ አያትን ሕይወት እንውሰድ፦

ገና በልጅነቷ ከቤት ወጥታ ሄደች፣
መርፌና ክር ይዛ ልጆች አሳደገች።

ስሕተት የለበትም፤ የሚታይ ነገርም የለበትም። መርፌው መርፌ ብቻ ነው። ከቃለ ምልልሱ ላይ የክሩን ጫፍ በጥርስና በምራቅ የማሾሏን ነገር ወስዳችሁ ቤቱን በስም ብትመቱትስ?

ክሯን እያሾለች በጥርሷ በምራቋ፣
ሰው ስታለብስ ኖራ ተቀደደ ጨርቋ።

አሁን እጅና አፍ ይታያል፤ «ጨርቋ» ደግሞ ልብሷም ነው፣ ዕድሜዋም ነው። ሰሙና ወርቁ ያለ ማብራሪያ ይሠራል። ስንኙ 6 በ6 የሚረግጥ የወል ቤት ነው። የወል ቤት ለትረካ ይመቻል፤ 11 ዘፈን ሙሉ ከተጻፈበት ግን አልበሙ ሁሉ በአንድ ዓይነት ውዝዋዜ ይሄዳል። ሦስት ወይም አራቱን ዘፈን 5 በ5 በሚረግጠው ሰንጎ መገን፣ አንዱን ወይም ሁለቱን ቤት በሌለው፣ ለንግግር በቀረበ አጻጻፍ ሥሩ።

ሦስተኛው ማጥበቅና ማላላት ነው፤ ዜማ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ይህን ነው። «አያቴ አለ» የሚለውን ተመልከቱ። «ለ» ሲላላ አያቴ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ አያቴ በሕይወት አለ ማለት ነው። ዜማው «አ» ላይ ረጅም ኖታ ጥሎ ወደ «ለ» ቀስ ብሎ ከወረደ ጥብቀቱ ይሟሟል፤ ሕያው ነው ለማለት የተጻፈው ስንኝ ተናገረ ሆኖ ይሰማል። መፍትሔው «አ»ን አጭር ኖታ ላይ ማድረግ፣ ምላስ «ለ» ላይ ለጥቂት እንድትቆይ ቅንጣት ዕረፍት መስጠት፣ ከዚያ ረጅሙን ኖታ ከ«ለ» በኋላ ባለው አናባቢ ላይ መጣል ነው። እያንዳንዱን ግጥም ዜማ ሳይኖረው ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ በሚጠብቁት ፊደላት ላይ ነጥብ አኑሩ፤ ዜማው ሲወጣ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ፈትሹ።

አዝማቹ በተቻለ መጠን የባለታሪኩ የራሳቸው አባባል ይሁን። በመጀመሪያው ዘፈን የተባለው ቃል ሳይለወጥ በመጨረሻው ዘፈን ሲመለስ፣ በመካከል በተሰማው ታሪክ ምክንያት ትርጉሙ ተለውጦ ይሰማል። አልበሙን አንድ የሚያደርገው ዋናው ክር ይህ ነው።

ዜማ፣ ምትና ቅኝት

ለአልበሙ አንድ የሚመላለስ የዜማ ምልክት ያስፈልገዋል። ከባለታሪኩ ንግግር ላይ ይወጣል፦

1. ከቀረጻው ከ3 እስከ 6 ሰከንድ የሚሆን፣ ከፍና ዝቅ የሚል ሐረግ ምረጡ።
2. እየደጋገመ እንዲጫወት አድርጋችሁ አብራችሁ አንጎራጉሩ። ከ20 ድግግሞሽ በኋላ ንግግሩ ዜማ መሆን ይጀምራል።
3. ኖታዎቹን ጊታር ላይ ፈልጉ፤ በሁለት ኖታ መካከል የሚወድቀውን ወደሚቀርበው አስጠጉት።
4. ከ4 እስከ 5 ኖታ ብቻ አስቀሩ።

ይህን ምልክት በመጀመሪያው ዘፈን በጊታር በግልጽ አሰሙ፤ መሃል ላይ ባለ ዘፈን ቤዝ ውስጥ በግማሽ ፍጥነት ደብቁት፤ በመጨረሻው ያለ ምንም አጃቢ በሰው ድምፅ ይምጣ። በሁሉም ዘፈን ከገባ የማስታወቂያ ዜማ ይሆናል። ሦስት ወይም አራት ቦታ ይበቃዋል።

ምቱን ከሥራቸው ውሰዱ። ልብስ ሰፊ ከነበሩ የእግር ስፌት መኪናውን እያስነዱ ቅረጹና በ10 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ቁጠሩ። 16 ከሆነ በደቂቃ 96 ነው፤ ዘፈኑን በ96 ቢፒኤም አድርጉ፣ የመኪናውንም ድምፅ በከበሮ ፈንታ ተጠቀሙበት። ማስተጋቢያ ዲሌይ ለማስተካከል 60,000ን ለቢፒኤሙ አካፍሉ፤ 72 ቢፒኤም ላይ አንድ ምት 833 ሚሊሰከንድ ነው።

ከቀረጻ በፊት የሁሉንም ዘፈን ቁልፍ፣ ፍጥነት፣ የምት ዓይነትና የጊታር ቅኝት በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። በአንድ ቁልፍ የተሠሩ ከሁለት በላይ ዘፈኖች አይከታተሉ። ቢያንስ ሁለት ዘፈን 3/4 ወይም 6/8 ይሁን። በጊታር ከመደበኛው ሌላ ዲ ኤ ዲ ጂ ኤ ዲ የሚባለው ቅኝት ለተንጠለጠለ፣ ደስታም ኀዘንም ላልሆነ ስሜት ይመቻል፤ በሦስተኛው ክር ላይ ያለው ጂ ኮርዱን ሜጀርም ማይነርም እንዳይሆን ያደርገዋል። ያንኑ ክር በግማሽ ድምፅ ብታወርዱት ዲ ኤ ዲ ኤፍ ሻርፕ ኤ ዲ ይሆናል፤ ሜጀር ኮርድ ነው፣ ስሜቱ ይበራል። በአንድ ቅኝት የሚጫወቱትን ዘፈኖች ሁሉ በተከታታይ ቅረጹ። ክር ቅኝት ሲቀየርበት ለብዙ ደቂቃ ወደ ነበረበት ይንሸራተታል፤ መሃል ዘፈን ላይ ነው የሚያጋልጣችሁ።

መሣሪያዎቹ ከ3 እስከ 5 ይሁኑ፤ አንዱን ለአንድ ሰው ስጡት። ለምሳሌ አኮርዲዮን በታሪኩ ውስጥ የወንድሟ ድምፅ ከሆነ፣ ወንድሟ ከሄደ በኋላ ባሉት ዘፈኖች አይሰማም። ቦታው ባዶ መሆኑን አድማጭ ስሙን ሳያውቅ ይሰማዋል።

ቀረጻው

አዲስ ክር ከቀረጻው አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ግጠሙ፤ በዚያው ቀን የተገጠመ ክር እየተለጠጠ ከቅኝት ይወጣል። የክፍሉ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ሲሆን የእንጨት ጊታር ይረጋጋል። ካፖ (ክሮቹን አንገቱ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ካሰራችሁ በኋላ እንደገና ቃኙ፤ ካፖ ክሩን ስለሚጫን ድምፁን በትንሹ ከፍ ያደርገዋል።

ክፍሉን ለማለስለስ ብርድ ልብስ ከጀርባችሁና ከጎናችሁ ስቀሉ። ማይኩ የሚመለከተው እናንተን ነው፤ ከእናንተ ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው ድምፁን የሚመልስለት። ብዙ ሰው ብርድ ልብሱን ከማይኩ ጀርባ ብቻ ሰቅሎ ለምን እንደሚያስተጋባ ይደነቃል።

ለጊታር ትንሽ ዲያፍራም (ድምፅ የሚቀበል ስስ ሽፋን) ያለው ኮንደንሰር (ጥቃቅን ድምፅ የሚይዝ) ማይክ 12ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ፊት ለፊት፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ አቁሙና አንገቱ ከገላው ወደሚገናኝበት በጥቂቱ አዙሩት። ወደ ክቡ ቀዳዳ አታነጣጥሩ፤ የጊታሩ የውስጥ አየር 100 ኸርዝ አካባቢ ስለሚያገሳ ቀረጻው ሁሉ ይደፈናል። በሁለት ማይክ ከሆነ ራሶቻቸውን አጠጋግታችሁ በ90 ዲግሪ አቋርጧቸው። አራርቃችሁ ካቆማችኋቸው ድምፅ በ1 ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ለአንዱ ቀድሞ ለሌላው ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሞኖ ሲሆን የጊታሩ ገላ ይሳሳል።

ለድምፅ ከማይኩ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር፣ መሃል ላይ ፖፕ ፊልተር (ትንፋሽ የሚያግድ ወንፊት)። «ጰ» እና «ፐ» የሚበዙበት ስንኝ ካለ ማይኩን ከአፍ መስመር በጥቂቱ ወደ ጎን አድርጉ። ክፍሉ ጥሩ ካልሆነ ውድ ኮንደንሰር ከምትፈልጉ ዳይናሚክ ማይክ በ8 ሳንቲሜትር ተጠቀሙ፤ ክፍሉን ያን ያህል አይሰማም።

ጊታርና ድምፅ አብሮ ይቀረጽ ወይስ ለየብቻ? ለዚህ ዓይነት አልበም አብሮ መቅረጹን እንመርጣለን፤ ለየብቻ ሲሆን ስንኙ ከትንፋሹ ይለያያል። ስምንት ቅርጽ አቀባበል ያላቸው ሁለት ማይኮች ካሉ፣ እነዚህ ማይኮች ከጎናቸው የሚመጣውን አይሰሙም፤ የድምፁን ማይክ ጎን ወደ ጊታሩ፣ የጊታሩን ማይክ ጎን ወደ አፍ አዙሩ። ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ለትረካ ዘፈን ይከብዳል። በመጀመሪያ ያለ ሜትሮኖም ተጫወቱና ሌሎቹን መሣሪያዎች በዚያ ላይ ጨምሩ። የስፌት መኪናውን ምት በመሰለ ቋሚ ድምፅ ላይ የቆመ ዘፈን ብቻ ሜትሮኖም ይፈልጋል።

ለአንድ ዘፈን ከ3 እስከ 5 ሙሉ ቴክ (ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተቀረጸ ሙከራ) ይበቃል፤ በየመካከሉ ቃኙ። ከሰባተኛው በኋላ ድምፁ ይስተካከላል፤ ታሪኩ ግን ይርቃል። በስልት የጎደለና በስሜት የደረሰ ቴክ ካላችሁ እሱን ያዙ። የክር መንሸራተትና የወንበር ስንጥቅታ ችግር የሚሆነው ቃል ሲሸፍን ብቻ ነው።

የባለታሪኩን ድምፅ ማስገባት

ከ15 እስከ 25 ሰከንድ በላይ የሆነ ንግግር በተደጋጋሚ ሲሰማ ይሰለቻል፤ በአልበሙም ከሦስት ቦታ አይብለጥ። ዘፈኑ የሚለውን ንግግሩ ከደገመው አንዱ ይውጣ። ንግግርም የራሱ የድምፅ ከፍታ አለው፦ ዓረፍተ ነገራቸው የሚያርፍበትን ኖታ ፈልጉና የዘፈኑን ቁልፍ በካፖ አንቀሳቅሳችሁ ያ ኖታ የቁልፉ መነሻ ኖታ ወይም ከእሱ አምስተኛው እንዲሆን አድርጉ። እንዲህ ሲሆን ንግግሩ ከዘፈኑ የበቀለ ይመስላል። የእሳቸውን ድምፅ በሶፍትዌር ከፍና ዝቅ አታድርጉ፤ ዘመድ ወዲያው ያውቀዋል።

ንግግሩን ከ80 ኸርዝ በታች ቁረጡ፣ ጊታሩን ከ2 እስከ 3 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል በ2 ወይም 3 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉ፤ ቃላት የሚለዩበት ቦታ እሱ ነው። መግቢያና መውጫውን በቀረጻችሁት የክፍል ጸጥታ ቀስ ብላችሁ አዋህዱ።

ሚክስና ማስተሪንግ

ሚክስ የተቀረጹትን ድምፆች ማመጣጠን ነው፤ ማስተሪንግ አልበሙ ከመውጣቱ በፊት የሚደረግ የመጨረሻ ማስተካከያ ነው። ጊታሩ ከ200 እስከ 350 ኸርዝ ከተጨናነቀ በ2 ወይም 3 ዴሲቤል አቅልሉት። ለሁሉም ዘፈን አንድ ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት) ተጠቀሙ፤ ሁሉም በአንድ ቤት ውስጥ እንደተዘፈነ ይሰማል። ድምፁ ላይ ያለው ኮምፕሬሰር (ከፍተኛውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል በላይ ከያዘ ሹክሹክታውና ጩኸቱ እኩል ይሆናሉ፤ ትረካው ይሞታል። በሞኖ፣ በትንሽ የስልክ ድምፅ ማጉያ አዳምጡ፤ አንድም ቃል መጥፋት የለበትም።

ስፖቲፋይ በመደበኛው ወደ −14 ኤልዩኤፍኤስ (የአማካይ ድምፅ ከፍታ መለኪያ)፣ አፕል ሙዚክ ወደ −16 ስለሚያስተካክሉ አልበሙን ማስጮህ ትርፍ የለውም። ጫፉ ከ−1 ዴሲቤል ትሩ ፒክ (የሞገዱ ትክክለኛ ከፍተኛ ጫፍ) አይለፍ። የአልበሙ ጸጥተኛ ዘፈን ጸጥተኛ ሆኖ ይቅር፤ ሁሉንም ወደ አንድ ቁጥር አታምጡ።

ቅደም ተከተልና ማውጣት

ከ35 እስከ 42 ደቂቃ ልክ ነው። ባለ 12 ኢንች ሸክላ በ33⅓ ዙር ለአንድ ገጽ ከ18 እስከ 22 ደቂቃ ሲይዝ ድምፁ ጥሩ ይሆናል፤ የመጀመሪያውን ገጽ የሚዘጋው ዘፈን ጥያቄው በጣም የከበደበት ይሁን። በዘፈኖቹ መካከል ያለው ዝምታ እኩል አይሁን፤ ከሞት ዘፈን በኋላ 5 ሰከንድ፣ ከጉዞ ዘፈን በኋላ ግማሽ ሰከንድ ሊሆን ይችላል። አጫጭር የንግግር ክፍሎችን ለብቻ ትራክ ከማድረግ ከሚቀጥለው ዘፈን ጋር አያይዙ። ስፖቲፋይ አንድ ማዳመጥ የሚቆጥረው ከ30 ሰከንድ በኋላ ነው፤ ተቀላቅሎ ሲጫወትም የተነጠለ ንግግር ትርጉም ያጣል።

ሽፋኑ 3000 በ3000 ፒክሰል ይፈልጋል። ከ10 ሳንቲሜትር ጎን ካለው የድሮ ፎቶ ይህን ለማግኘት ቢያንስ 762 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበብ ነጥብ) ያስፈልጋል፤ በ1200 ስካን አድርጉ። ለእያንዳንዱ ዘፈን 12 ፊደልና ቁጥር ያለው አይኤስአርሲ ኮድ (የቀረጻው መለያ) ዘፈኑን ወደ ማዳመጫ መድረኮች ከሚያደርሰው አከፋፋይ ይሰጣችኋል። ፋይሉን ከ3 እስከ 4 ሳምንት አስቀድማችሁ ጫኑ። ከመጫናችሁ በፊት ግን ባለታሪኩን ከጎናችሁ አስቀምጣችሁ ሙሉውን አብራችሁ ስሙ፤ ስትሰሙ አታብራሩ፣ ሲያልቅ ጠይቁ። ይውጣ ያሉት ስንኝ ካለ ይውጣ። ለዚህ ሁለት ሳምንት በመርሐ ግብሩ ውስጥ ያዙለት።

በመጨረሻም ያልተቆረጠውን የቃለ ምልልስ ፋይል በሙሉ፣ ከተገለበጠው ጽሑፍ ጋር፣ ለቤተሰቡ አስረክቡ። የፋይሉ ስም ቀኑን፣ የተናጋሪውን ስምና የክፍለ ጊዜውን ቁጥር ይያዝ፤ አብሮት ባለ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ በየደቂቃው የተነሳው ጉዳይ ይዘርዘር። ከአልበሙ የቀሩት 30 ካርዶች ያሉት እዚያ ውስጥ ነው።